ወፍጮው አረፈ፣ ወገቡ ሰፋ፦ የደጋው ጎጃም እናቶች ሥራ፣ ማረጥና የሆድ ስብ



ከደብረ ማርቆስና ከአካባቢዋ እናቶች ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ከ45 እስከ 55 ዓመት ያሉ ናቸው። የሚሉኝ በአጭሩ ይህን ነው፦ ምግቤን አልጨመርኩም፣ ጾሜንም አላስታጎልኩም፤ የወር አበባዬ መዛባት ከጀመረ ወዲህ ግን ቀሚሴ ወገቤ ላይ አልገጥም አለኝ። እናቴ በዚህ ዕድሜዋ ቀጥ ያለች ነበረች። እኔን ምን ነካኝ?

ይህ ጥያቄ ሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛው ስለ ማረጥ የሚጠይቅ የሕክምና ጥያቄ ነው። ሁለተኛው የታሪክ ጥያቄ ነው፤ በእናትና በልጅ መካከል ምን ተለወጠ? እኛ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የምንመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ዛሬ ታሪኩንም አብረን እንየው፤ ምክንያቱም የመፍትሔው ግማሽ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

አጭሩ መልስ ይኸው። ማረጥ በራሱ ክብደት አይቆልልም። ጡንቻ እንዲቀንስና ስብ እንዲጨምር ያደርጋል፣ ስቡንም ከዳሌና ከጭን ወደ ሆድ ውስጥ ያዞረዋል። ይህ ለውጥ በአያቶቻችንም ላይ ይደርስ ነበር። ልዩነቱ፣ ያን ጊዜ ማረጥ የሚያገኛት ሴት ዕድሜዋን ሙሉ በጉልበቷ ስትሠራ የኖረች መሆኗ ነው። ዛሬ የሚያገኛት ግን ብዙ ጊዜ ተቀምጣ ነው።

የአንድ ቀን ሥራ በደጋው

ከተማችን መንቆረር ትባል በነበረበት፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም መቀመጫቸው ባደረጓት ዘመን፣ ታሪክ የሚነግረን ስለ ንጉሡ፣ ስለ ግብሩና ስለ ዘመቻው ነው። ግብር ማለት ግን ዱቄት፣ እንጀራ፣ ጠላና ጠጅ ነው። ከእያንዳንዱ መሶብ በስተጀርባ ወፍጮ ላይ የጎነበሰች ሴት ነበረች። የጎጃም ጦር በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መሪነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ሲዋጋም ሴቶች አብረው ዘምተዋል። እህል የሚፈጩት፣ ስንቅ የሚያዘጋጁት፣ ውሃ ለተዋጊው የሚያደርሱት እነሱ ነበሩ።

በሰላሙ ጊዜም ቢሆን የገጠሯ ሴት ቀን የሚጀምረው ዶሮ ሲጮህ ነው። ወፍጮው በጭቃ መደብ ላይ ተጋድሟል። ሴቲቱ ከወገቧ ጎንበስ ብላ መጁን በሁለት እጇ ትገፋለች፣ ትስባለች። ክንዷ፣ ትከሻዋ፣ ጀርባዋ፣ የሆዷ ጡንቻና እግሯ ሁሉ ይሠራል። ለአንድ ቤተሰብ የዕለት እንጀራ የሚበቃ ዱቄት ለማግኘት ሰዓታት ይፈጃል። የምግብና የጤና ባለሙያዎች የሰውነትን የጉልበት ወጪ ሲለኩ፣ በድንጋይ ወፍጮ መፍጨት ዐርፎ ከመቀመጥ ከ4 እስከ 5 እጥፍ የሚሆን ጉልበት እንደሚጠይቅ አስቀምጠዋል። ዳገት ከመውጣት ጋር የሚቀራረብ ድካም ነው።

ከዚያ ውሃ ይቀዳል። እንስራ ከ15 እስከ 25 ሊትር ይይዛል፤ ይህም ከ15 እስከ 25 ኪሎ ሸክም በጀርባ ማለት ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ በጮቄ ተራራ ግርጌና ወገብ ያሉ መንደሮች ደግሞ ከዚያም ይልቃሉ። ምንጭ የሚገኘው ቁልቁል ነው። ባዶውን እንስራ ይዛ ወርዳ፣ የሞላውን አዝላ ዳገቱን ትወጣለች። እንጨት መልቀም፣ ኩበት መጠፍጠፍ፣ በርበሬና ጌሾ በሙቀጫ መውቀጥ፣ በክረምት የጤፍ አረም፣ በመኸር እህል ማበጠር፣ ይህ ሁሉ ሕፃን በአንቀልባ ታዝሎ የሚሠራ ነው። ማታ «ዐረፈች» የምትባለው ጥጥ ስትፈትል ነው።

በዚህ ላይ እርግዝናና ማጥባት አለ። በልጅነቷ ተድራ፣ ከአሥራዎቹ ዕድሜ አንሥቶ እስከ አርባዎቹ አጋማሽ አንድም አርግዛ አንድም እያጠባች የምትኖር ሴት፣ ሰውነቷ ያከማቸውን ሁሉ ለልጆቿ ታወጣለች። የዳሌና የጭን ስብ ዋና ጥቅሙም ይኸው ነው፤ ለእርግዝናና ለጡት ወተት የተቀመጠ ስንቅ ነው። ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ስቡን እዚያ ያስቀምጠዋል።

ካረጠች በኋላስ? ወፍጮውን ምራት ትረከባለች። እሷ የጓዳው አዛዥ ትሆናለች። ግን አትቀመጥም። ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች፣ ገበያ በእግሯ ትወጣለች፣ ትፈትላለች፣ የልጅ ልጅ ታዝላለች። ቆብ ደፍታ የመነኮሰችው ደግሞ በዐቢይ ጾምና በሰሙነ ሕማማት ስትሰግድ ትውላለች። ስግደት የእምነት ሥርዓት ነው፤ ለሰውነት ግን የጭን፣ የዳሌና የጀርባ ጡንቻ ሥራም ነው።

ያ ዘመን ይመለስ?

አይመለስ! ይህን በደንብ ማለት አለብኝ፤ «ድሮ ሴቶች ጤነኞች ነበሩ» የሚል ወሬ በማኅበራዊ ሚዲያ በዝቷልና።

የአያቶቻችን ቅጥነት ሁልጊዜ የጤና ምልክት አልነበረም። ብዙ ጊዜ የረሃብ፣ የደም ማነስና የድካም ምልክት ነበር። ከወለዱ ሳይጠገኑ ከባድ ሸክም መሸከም ለማሕፀን መውጣት፣ ለሽንት አለመቋጠርና ለማይድን የወገብ ሕመም ከሚዳርጉ ነገሮች አንዱ ነው። ዛሬም ከገጠር ለሌላ ሕመም መጥተው ማሕፀናቸው ከወጣ ዓመታት ማለፉን በሹክሹክታ የሚነግሩን እናቶች አሉ። በ1950ዎቹ በአገራችን የተወለደ ሰው በአማካይ የሚጠበቅለት ዕድሜ ከ45 ዓመት አይደርስም ነበር፤ ዛሬ ከ60 አልፏል። አማካዩን ዝቅ ያደረገው በአብዛኛው የሕፃናት ሞት ነው፤ ቢሆንም ካረጡ በኋላ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሚኖሩ እናቶች የዛሬን ያህል የበዙበት ዘመን የለም። ይህ ድል ነው። ጥያቄው እነዚያን ሃያና ሠላሳ ዓመታት እንዴት ይኑሯቸው የሚለው ነው።

መወፈር ምስጋና ሲሆን

ሌላው መረሳት የሌለበት ታሪክ የቋንቋችን ነው። አንዲትን ሴት «ወፈርሽ እኮ!» ስንላት ምስጋና ነው። «ተመችቷታል» እንላለን። «ከሳሽ፣ ጠቆርሽ» ማለት ደግሞ «ምን ደረሰብሽ?» ማለት ነው። ይህ አነጋገር ያለ ምክንያት አልመጣም። የ1966ቱንና የ1977ቱን ድርቅና ረሃብ ያየ አገር ክሳትን ይፈራል። ቀጥሎ ደግሞ ኤች አይ ቪ መጣ። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሃያ ዓመታት ድንገት የከሳች ሴት በሰፈሩ ዐይንና ሐሜት ትጠቃ ነበር። ብዙ ሰው ክብደት የጨመረው ጤነኛ መሆኑን ለማሳየት ጭምር ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ስለዚህ አንዲት የ50 ዓመት እናት ወገቧ ሲሰፋ ቤተሰቡ አይደነግጥም፤ ደስ ይለዋል። የሚደነግጠው የደም ግፊቱ ወይም ስኳሩ ሲገኝ ነው።

ወፍጮ ቤት፣ ቦኖ ውሃ፣ ባጃጅ

ሥራው የቀለለው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ የሞተር ወፍጮ መጣ። ሴቶች እህሉን ተሸክመው ብዙ መንገድ ይሄዱ ነበር፤ ቢሆንም ከዶሮ ጩኸት እስከ ንጋት ያለው ጉንበሳ ቀረ። ቀጥሎ ቦኖ ውሃ መጣ፤ በከተማ ደግሞ ቧንቧው ግቢ ገባ። ከዚያ ዘይት በጀሪካን፣ በርበሬ ተፈጭቶ በኪሎ፣ እንጀራ ከሱቅ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የገበያውን መንገድ የሚያሳጥር ባጃጅ፣ ማታ ማታ ደግሞ ቴሌቪዥንና ስልክ።

የቀረው ጉልበት ወዴት ሄደ? ይህን የሚያሳይ አንድ ትልቅ ጥናት በአገራችን ተሠርቷል። ሁለት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች፣ ማይሪ ጊብሰንና ሩት ሜስ፣ በአርሲ ገጠር ቦኖ ውሃ የገባላቸውንና ያልገባላቸውን መንደሮች አነጻጽረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2006 አሳተሙ። በበጋ ወራት ውሃ ለመቅዳት 3 ሰዓት ገደማ ይፈጅ የነበረው ወደ 15 ደቂቃ ወርዶ ነበር። የሕፃናት ሞት ቀነሰ። ነገር ግን ማንም ያልጠበቀው ነገር ተከተለ፤ ቦኖ ያገኙት እናቶች የሚወልዱበት ፍጥነት ጨመረ። ከሸክም የተረፈው ጉልበት ወደ መውለድ ሄደ ማለት ነው።

ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ከሥራ የተረፈ ጉልበት የትም አይጠፋም። በወጣቷ ላይ ወደ እርግዝናና ወደ ወተት ሊሄድ ይችላል። ያረጠች እናት ግን አትወልድም፣ አታጠባም። ምግቧ ሳይቀንስ ሥራዋ ከቀነሰ የተረፈው የሚገባበት ቦታ አንድ ነው፤ ስብ። ኢስትሮጅን ስለቀነሰ ደግሞ ያ ስብ ወደ ዳሌ መሄዱ ቀርቶ ሆድ ውስጥ ይከማቻል።

ሳይንሱ ሴቶችን ያየው ዘግይቶ ነው

ዛሬ በሐኪሞች አፍ የሚነገረው «ሜኖፖዝ» የሚለው ቃል ራሱ የተፈጠረው ከ200 ዓመት በፊት ነው። ጋርዳን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1821 አስተዋወቀው። አማርኛችን ግን «ማረጥ»ን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ1947 የማርሴዩ ሐኪም ዣን ቫግ አንድ ነገር አስተዋለ። ለስኳርና ለልብ ሕመም የሚያጋልጠው የስብ ብዛት ብቻ ሳይሆን የስቡ ቦታ ነው አለ። በዳሌና በጭን ያለው የሴት ዓይነት፣ በሆድ ያለው የወንድ ዓይነት ብሎ ለየው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ትኩረት አልሰጠውም፤ ዛሬ ግን የሕክምና ሀሁ ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ እንግሊዛዊው ጄሪ ሞሪስ የለንደንን የትራንስፖርት ሠራተኞች አጠና። ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ላይ ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ ቲኬት ቆራጩ ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። የልብ ሕመም የበዛው በሾፌሮቹ ላይ ነበር። ሥራ ልብን እንደሚጠብቅ በትልቅ ጥናት የታየው ያኔ ነው። ይሁን እንጂ የተጠኑት 31 ሺህ ገደማ ሰዎች ሁሉ ወንዶች ነበሩ። ስለ ሴቶች የሚናገሩት ትልልቅ ጥናቶች የመጡት ብዙ ቆይተው ነው። የአሜሪካ ነርሶች ጥናት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ማረጥን ራሱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለመከታተል ከ3,000 በላይ አሜሪካውያን ሴቶች የተመዘገቡበት ጥናት የጀመረውም በ1996 ነው።

ይህ የመጨረሻው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ውጤት እናቶች ማወቅ ያለባቸው ነው። ወደ ማረጥ በሚወስዱት ዓመታት ክብደት የሚጨምረው እንደ ቀድሞው ቀስ ብሎ ነው፤ ድንገተኛ ዝላይ የለውም። ውስጡ ሲታይ ግን ስብ የሚጨምርበት ፍጥነት በእጥፍ አድጓል፣ ጡንቻ ደግሞ መቀነስ ጀምሯል። ይህም የመጨረሻው የወር አበባ ከታየ በኋላ እስከ ሁለት ዓመት ገደማ ይቀጥላል። ሁለቱ ስለሚካካሱ ሚዛኑ አይናገርም! እናቲቱ «ኪሎዬ ያው ነው» ትላለች፤ ቀሚሷ ግን እውነቱን ያውቃል።

«ሰውነቴ ምግብ ማቃጠል አቁሟል» የሚለው አባባልስ? እ.ኤ.አ. በ2021 ከ29 አገሮች ከ6,400 በላይ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት ይህንን መረመረ። የሰውነት መጠንና የጡንቻ ልዩነት ከተስተካከለ በኋላ፣ ሰውነት የሚያወጣው ጉልበት ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ እምብዛም አይለወጥም። በማረጥ ጊዜም የተለየ መውደቅ አልታየም። ስለዚህ ምድጃው አልጠፋም፤ የቀነሰው ጡንቻውና ሥራው ነው። ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ ሁለቱም በእጃችን ያሉ ናቸውና።

የሆድ ውስጥ ስብ ለምን ያሳስበናል? ከቆዳ ሥር እንዳለው ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም። በአንጀትና በሌሎች የሆድ ዕቃዎች ዙሪያ ተጠቅልሎ የስብ አሲዶችን ወደ ጉበት ይለቃል፤ የኢንሱሊንን ሥራ ያደናቅፋል። ውጤቱ የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም፣ የጉበት ስብ፣ የልብና የአንጎል ደም ሥር ሕመም ነው።

የአገራችን ቆጠራ 49 ላይ ይቆማል

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ሴቶችን እየመዘነ ሲያወጣ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100 ሴቶች 3ቱ ብቻ ከመጠን በላይ ክብደት ነበራቸው። በ2016 ቁጥሩ 8 ደረሰ፤ በአዲስ አበባ ደግሞ 30 ገደማ። በዚያው ዳሰሳ ከ100 ሴቶች 22ቱ ከሚገባው በላይ ቀጭን ነበሩ። አንዱ ቤት የምግብ እጥረት፣ ጎረቤቱ ደግሞ ውፍረት፣ ሁለቱም በአንድ አገር።

ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ዳሰሳው የሚመዝነው ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችን ነው። 50 የሞላት እናት ከሚዛኑ ትወርዳለች። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ለአገራችን ትልቅ ለውጥ አምጥቷል፤ ነገር ግን ሴትን በር አንኳኩቶ ሲፈልጋት በዋናነት ለእርግዝና፣ ለወሊድ፣ ለቤተሰብ ምጣኔና ለሕፃናት ክትባት ነበር። የወለደችና ያሳደገች፣ መውለዷን የጨረሰች እናት ጤና ጣቢያ የሚያስኬዳት ምክንያት አልነበራትም። እ.ኤ.አ. በ2015 በኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከ15 እስከ 69 ዓመት ያሉ ሰዎች ሲታዩ ግን ከ100 ሰዎች 16 ገደማ ከፍ ያለ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ብዙዎቹም በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም ነበር።

ቆጠራው የረሳትን እናት ማስታወስ ያለበት እንግዲህ ቤተሰቧ ነው።

«አረፍ በይ» የሚለው ፍቅር

እዚህ ላይ ለልጆች የምለው አለኝ። በባህላችን እናትን ማክበር ማለት ማሳረፍ ነው። «እማዬ አረፍ በይ፣ እኛ አለን» እንላለን። ውሃውን እንቀዳለን፣ ዕቃውን እንሸከማለን፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ባጃጅ እንጠራላታለን። ይህ ልማድ የተወለደው ሠላሳ ዓመት ወፍጮ ላይ ለጎነበሰች ሴት ነው። ለእሷ ዕረፍት መድኃኒት ነበር። ሃያ ዓመት ቢሮ ወይም ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ለኖረች እናት ግን ተጨማሪ መቀመጥ መድኃኒት አይደለም። ከባዱን ሸክም አንሡላት፤ እርምጃዋን ግን አትውሰዱባት።

ምን እናድርግ?

1. ወገባችሁን ለኩ። በልብስ ሰፊ ሜትር፣ በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል፣ ሳትስቡ ትንፋሽ አውጥታችሁ ለኩ። 80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ 88 ካለፈ አደጋው ጨምሯል። ሌላው ቀላል መንገድ፣ የወገባችሁ ዙሪያ ከቁመታችሁ ግማሽ እንዳይበልጥ ማድረግ ነው።

2. በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ተራመዱ። በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ማለት ነው። እያወራችሁ መሄድ የምትችሉበት፣ መዝፈን ግን የማትችሉበት ፍጥነት ይሁን። ደብረ ማርቆስ ዳገት አላጣችም! ንጋት ላይ ኪዳን የምትሳለሙ እናቶች ባጃጁን ትታችሁ በእግር ብትሄዱ የሳምንቱን ድርሻ ትሞላላችሁ። እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ ኪሎ ባይቀንስ እንኳ የሆድ ውስጥ ስብን ይቀንሳል። ስለዚህ ሚዛን አልወረደም ብላችሁ አትተዉት።

3. ጡንቻችሁን በሳምንት ሁለት ቀን አሠሩ። የወፍጮው ድርሻ ይህ ነበር፤ እርምጃ ብቻውን አይተካውም። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ እጃችሁን ሳትደገፉ 10 ጊዜ ተነሥታችሁ ተቀመጡ፤ ዐርፋችሁ ድገሙት። ግድግዳ በሁለት እጅ ገፍታችሁ ተመለሱ። ውሃ የሞላ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ በየእጃችሁ ይዛችሁ ክንዳችሁን አጠፍ ዘርጋ አድርጉ። እየቀለላችሁ ሲሄድ ባለ ሁለት ሊትር ያዙ። ይህ አጥንታችሁንም ያጠነክራል፤ ከማረጥ በኋላ አጥንት በፍጥነት ይሳሳልና።

4. ከ65 ዓመት በላይ ከሆናችሁ የሚዛን መጠበቅ ልምምድ ጨምሩ። ግድግዳ አጠገብ ሆናችሁ በአንድ እግር ለጥቂት ሰከንድ መቆም ጥሩ ነው። መውደቅን ይከላከላል።

5. ስግደት የምታዘወትሩ እናቶች ጉልበታችሁ ካመማችሁ፣ ግፊታችሁ ካልተስተካከለ ወይም ሲነሡ የሚያዞራችሁ ከሆነ ሐኪማችሁን አማክሩ፤ የንስሐ አባታችሁም አቅማችሁን ያውቁ ዘንድ ንገሯቸው።

6. ምግብ። ጾም በራሱ አያከሳም፤ የጾሙ ወጥ በዘይት ከተንሳፈፈና እንጀራው ከተደራረበ ሒሳቡ ያው ነው። ዘይቱን በማንኪያ ለኩ። እንጀራውን ቀንሳችሁ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ጎመኑን አብዙ፤ ባቄላና ምስር ለጡንቻ የሚሆን ፕሮቲን አላቸው። በቡና ሦስቱ ዙር ላይ የምትጨምሩትን ስኳር ቁጠሩ። ለስላሳና ጠላም ቁጥር ውስጥ ይገባሉ።

7. ተጠንቀቁ። ሆድን ብቻ ለይቶ የሚያቀልጥ ስፖርት፣ ቀበቶ፣ ቅባት ወይም ሻይ የለም። የሆርሞን መድኃኒትም የውፍረት መድኃኒት አይደለም። ለከባድ የማረጥ ምልክቶች፣ ለምሳሌ ለሙቀት ስሜትና ለሌሊት ላብ፣ ሐኪም መርምሮ ሊያዝዘው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ አንድ ትልቅ የሆርሞን ጥናት የጡት ካንሰርንና ሌሎች ጉዳቶችን በማየቱ ከጊዜው በፊት ተቋርጧል። ከዚያ ወዲህ የተገኘው ዕውቀት ለማን፣ መቼና ለምን ያህል ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል ለይቷል። ስለዚህ ከጓደኛ ተቀብላችሁ አትውሰዱ።

መቼ ወደ ሐኪም?

የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ከቀረ በኋላ ጠብታም ብትሆን ደም ከታየ ሳትውሉ ሳታድሩ ታዩ። «ተመለሰልኝ» ብላችሁ ደስ አይበላችሁ፤ የማሕፀን ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። ስትራመዱ ደረታችሁን የሚጨንቃችሁ ወይም ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነ፣ ሳትፈልጉ በፍጥነት ከከሳችሁ፣ ውሃ ጥም ከበዛና ሽንት ካመላለሳችሁ፣ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ከተሰማችሁ አትደብቁ። ማሕፀን የወጣባት እናት ሸክምና ከባድ ስፖርት ከመጀመሯ በፊት መታየት አለባት፤ ሕክምና አለው፣ የሚያሳፍርም ነገር የለበትም። ምንም ሕመም ባይኖራችሁም ከ40 ዓመት በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ግፊትና ስኳር ተለኩ።

አያቶቻችን የሰውነታቸውን ጥንካሬ የከፈሉበት ዋጋ ከባድ ነበር፤ ማንም ምርጫ አልሰጣቸውም። እኛ ምርጫው አለን። የወፍጮውን ጉንበሳ ትተን እንቅስቃሴውን ብቻ መውሰድ እንችላለን፤ በቀን 30 ደቂቃ።

ዛሬ ማታ ሜትሩን አውጡና የእናታችሁን ወገብ ለኩላት። ነገ ጠዋት ደግሞ አብራችኋት ውጡ።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ ነው፤ የራሳችሁን ሐኪም ምርመራ አይተካም። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ለእናቶቻችሁ፣ ለአክስቶቻችሁና ለእማማዎች አንብቡላቸው።

ጤናችሁ ይብዛ!